የታፔላ ጸሐፊው ወር

ሰፈሩ «ጋሽ ብሩሽ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ያወጣለት ሰው ግን ነገር ያውቃል። ብሩሽ በወቅቱ ከታጠበ እንደ ጸጉር ይለሰልሳል፤ ቀለም እንደያዘ ከተተወ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ጋሽ ብሩሽ በገዛ እህቱ ላይ ድንጋይ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።

ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ከአስፋልቱ እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ ላይ የእሱ እጅ ያላረፈበት በር አልነበረም። የጥርስ ሐኪሟ ባለ ሁለት ሥር መንጋጋ፣ የጎሚስታው ክንፍ ያበቀለ ጎማ፣ የልብስ ሰፊዋ አፉን የከፈተ መቀስ፣ ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ የነበረው ጢማም ሰውዬ፣ ሁሉም የእሱ ናቸው። ኋላ ባነር የሚባል መዓት መጣ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ በአሥር ደቂቃ ፊደል ይደረድርና በላስቲክ ላይ ያትመዋል፤ ፀሐይ በስድስት ወር ታነጣዋለች፤ ባለ ሱቁ ሄዶ ሌላ ያሳትማል። ታፔላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ጋሽ ብሩሽም ማንንም ሳያስፈቅድ በትከሻው እየተሸከመ ወደ ቤቱ አመጣቸው። ሚስቱ ዳቦ ቤት ውላ ስትገባ መቀመጫ እያጣች «ይሄ ቤት ነው ወይስ የታፔላ መቃብር?» ትለዋለች።

«በመቃብር ላይ እንኳ ፊደል ይጻፋል» ይላታል። «ባነርሽን እዚያ ላይ ስቀይልኝ እስቲ!»

ቤቱም ቢሆን ግማሽ ቤት ነው። አናጢው አባታቸው ሲሞቱ ለሁለት ልጆቻቸው የተዉት አንድ ቤት ነበር፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰፊውን የፊት ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈሉት። ብቸኛው መስኮት በእህትየው በኩል ቀረ። ጸቡ ይኸው ነው፤ እሱ እንደሚለው። «ብርሃኔን ቀማችኝ» እያለ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያወራል። እኩለ ቀን ላይ አምፖል አብርቶ ሲጽፍ ያየው ሰው ሁሉ አብሮት ከንፈር ይመጣል። ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት ስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ ናት።

እህትየው በእሷ በኩል የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈተች፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ አዲስ አመል አወጣች። በየወሩ መጀመሪያ ከሰፈሩ አንድ ሠዓሊ፣ ወይም ሠዓሊ ነኝ ባይ፣ ሥራውን በዚያ በኮምፔንሳቶው ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሁለት ደንብ አላት። ባለ ወሩ የሰፈር ሰው መሆን አለበት፤ ምስማሩንም ራሱ ነው የሚመታው። መዶሻው ከኮፒ ማሽኑ ጎን ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ነርሷ አበቦቿን፣ በያጁ የሽቦ ወፎቹን፣ ጡረተኛው መምህር በእርሳስ የሣሏቸውን የድሮ ተማሪዎቻቸውን ሰቀሉ። ከክብሪት እንጨት መርከብ የሚሠራው ዘበኛ እንኳ ወር ደርሶታል።

እንግዲህ ኮምፔንሳቶ ምን ይመልሳል? እሷ ጋ ጭንቅላቱን የተመታ ምስማር እሱ ጋ ጫፉን ብቅ ያደርጋል። ብናኙም ባልደረቀ ፊደል ላይ ይረግፋል። ጋሽ ብሩሽ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን ይደበድባል፤ «ግቡልኝ ደግሞ! እዚሁ ጭኔ ላይ ቁጭ በሉ!» እያለ ይጮኻል። እህትየው በወዲያ በኩል፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ፣ ለባለ ወሩ «አይጥ ነው፤ አንተ ምታ» ትለዋለች።

ቀስ በቀስ የምስማሮቹን ጫፍ ሥራ አስያዛቸው። በነርሷ ምስማሮች ላይ ብሩሾቹን፣ በበያጁ ምስማር ላይ ካፖርቱን፣ በመምህሩ ምስማር ላይ ማስመሪያውን ሰቀለ። ሰው ጠላቱን እንዲህ ሲጠቀምበት ደስ ይላል። የትኛው ምስማር የማን እንደሆነ ግን አንድ ሳይስት ያውቃል፤ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የሚንቀውን ነገር እንዲህ አጥንቶ የሚይዝ ሰው የለም። ሰውየው የፈለገው ወር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰባ ሰው ሲሰቅል፣ አንድ ቀን እህቱ «ያንተስ?» እንድትለው በዚያ ስስ ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ኖረ። እሷ አላለችም። የክብሪት መርከብ ከእሱ ይበልጣል ማለት ነው?

አንድ ቀን ሚስቱ ከዳቦ ቤት ስትመለስ ወሬ ይዛ መጣች። የሚቀጥለው ወር የተያዘለት ፎቶ አንሺ ሥራ አግኝቶ ከሰፈሩ ለቋል፤ ግድግዳው ባዶ ነው።

«ሂድና ጠይቃት» አለችው።

«እኔ? ታላቋ እኔ ነኝ። እሷ ትምጣ!»

«እሷማ በሯን ከፍታ ነው የምትውለው። አንተ ነህ በመጥረጊያ እንጨት ካልሆነ አላወራም ያልከው።»

«አልሄድም አልኩ፣ አልሄድም!»

ይህን ባለ በሦስተኛው ቀን ስምንት ታፔላ መርጦ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውል አገኘችው። እሷም ብልህ ናት፣ ምንም አላለችውም። ከስምንቱ አብልጦ የወለወለው የጸጉር አስተካካዩን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አባቱ ሳይረዱት ብቻውን የሠራው የመጀመሪያ ታፔላ ነው፤ ከታች በቀኝ በኩል የፈረመበትም እሱ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት በዝናብና በፀሐይ ተሰቅሎ፣ ባለፈው ዓመት ሲወርድ የጢሙ ጥቁረት ገና አልደበዘዘም ነበር። «ቀለም ማለት ይሄ ነው» እያለ ለመንገደኛ ሁሉ ያሳየው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በእህቱ በር ገባ። አንዲት ሴት መታወቂያዋን ኮፒ እያስደረገች ነበር። እህትየው ቀና ብላ አየችው።

«እንደምን አደሩ» አለችው። «ኮፒ ነው?»

በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ ድሮ «ጋሼ» ነበር የምትለው፣ ስታኮርፍ እንኳ «አንተ» ነበር የምትለው። አሁን እንደማንም መንገደኛ ደንበኛ አንቱ አለችው። በአክብሮት እንዲህ መስደብ እንደሚቻል አያውቅም ነበር።

«ኮፒ አይደለም። የሚመጣው ወር ባዶ ነው ሲባል ሰማሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ግድግዳው።»

መታወቂያ የያዘችው ሴት ሳቀች። እህትየው አልሳቀችም። ኮፒውን አውጥታ ለሴትየዋ ሰጠችና እስክትወጣ ጠበቀች።

«የሰፈር ሰው ነዎት፤ እሱ ተሟልቷል» አለች። «አንድ ሥራ አምጥተው ያሳዩኝ።»

«ስምንት አለኝ።»

«አንድ ይበቃኛል። የጸጉር አስተካካዩን ያምጡ።»

ከስምንቱ መርጣ እሱኑ! የጋሽ ብሩሽ ደረት ተነፋ። ምንም ቢሆን የአናጢ ልጅ ናት፣ ሥራ ታውቃለች አለ በልቡ። ሄዶ ታፔላውን ተሸክሞ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ አቆመላት። እሷ ግን ጢማሙን ሰውዬ ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። ሰሌዳውን ገልብጣ ጀርባውን አዞረችለት። ከላይ ጥጉ ላይ፣ አናጢዎች እንጨት በሚያሰምሩበት ወፍራም እርሳስ፣ አንድ ቃል ተጽፏል።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የአባባ።»

«ያንብቡት።»

«ለትንሿ» አለ።

«ትንሿ ማናት?»

አባታቸው እሷን ነበር እንዲያ የሚጠሯት፤ ይህን ለማወቅ ሽማግሌ መሰብሰብ አያስፈልግም።

«አሥራ አራት ዓመቴ ነበር» አለች። ድምጿ ረጋ ያለ ነው፤ እጇ ግን ሰሌዳውን አልለቀቀም። «እማማ እዚያ መስኮት ሥር ተኝታ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሣልኳት። አባባ ሰሌዳውን በእጁ ልጎ፣ ዙሪያውን ዘንግ መትቶ ነው የሰጠኝ። ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ስትሞት የቀረን ፊት ያ ብቻ ነበር። ከተቀበረች በሦስተኛው ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰሌዳው ነጭ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ስነካው ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። በሳምንቱ ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ጢም አብቅሎ አገኘሁት።»

«ሰሌዳ አልቆብኝ ነበር… ለነገ አደርስልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼ… ልጅ ነበርን እኮ። ረስቼዋለሁ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አሥራ አንድ ዓመት ‹መስኮት፣ መስኮት› ሲሉ እሰማለሁ። መስኮቱን ይውሰዱት! ነቅለው ይዘውት ይሂዱ!» እዚህ ላይ ጮኸች። ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበች። «በዚያ በር ሳልፍ ሁልጊዜ ቀና ብዬ ‹እንደምን አደርሽ› እላታለሁ። ከእርስዎ ቀለም ሥር እንዳለች አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ሰሌዳውን በትከሻዎ አድርገው በደጄ ሲያልፉ፣ አሁን አስታወሰ፣ አሁን ያስገባታል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ‹ቀለም ማለት ይሄ ነው› እያሉ አለፉኝ።»

ጋሽ ብሩሽ ታፔላውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ወሩን እሰጥዎታለሁ» አለች። «ቀለም መግፈፍ ያውቃሉ። የእርስዎን ሰውዬ ይግፈፉና እናቴን ያምጡልኝ።»

ታፔላውን ተሸክሞ ወጣ። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ሰሌዳውን ሁለት በርጩማ ላይ አጋደመ፤ ቲነርና ስፓቱላ አዘጋጀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሰሌዳውን ብቻ አየው። አንድ ነገር ያውቃል፤ እሷ የማታውቀው ነገር። ይህን ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት «ረስቼዋለሁ» እያለ ኖረ እንጂ አልረሳውም።

አባታቸው ሲያስተምሩት «ያልተፋቀ እንጨት ቀለም አያከብርም» ይሉት ነበር። እሱም ጎበዝ ተማሪ ነበር። ያን ቀን ነጩን ቀለም ከመቀባቱ በፊት የብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ሰሌዳውን ፍቆታል፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው። ያየው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። የእናቱን ሹራብ ሲፍቅ ምንም አልመሰለውም፤ የልጅ ሥራ ነው፣ ሌላ ትሥላለች ብሎ ነበር። አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ለአፍታ ያህል ቆመ። ከዚያ ጸጉር አስተካካዩን አሰበና ቀጠለ።

ቢሆንም ገፈፈ። ምናልባት በደንብ አልፋቅሁት ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ በሕይወቱ ሥራ አበላሽቼ በሆነ ብሎ የተመኘው ያን ቀን ብቻ ነው። ፊደሉ ወረደ፣ ጢሙ ወረደ፣ ሠላሳ ዓመት የኮራበት ጥቁር በጨርቅ ላይ ጭቃ ሆነ። ፊርማውም ሄደ። ነጩ ተነሳ። ከነጩ ሥር እንጨት ነበር፤ ንጹሕ፣ ልሙጥ፣ ምንም የሌለበት እንጨት። አባቱ ቢያዩት ያመሰግኑት ነበር። የብርጭቆ ወረቀቱ ሊደርስበት ያልቻለው ከታች ከዘንጉ ሥር ያለው ጠርዝ ብቻ ነው። እዚያ ጣት የማታህል ሰማያዊ ቀርታለች፤ የሹራቧ ሰማያዊ።

ሚስቱ ገብታ አየች። ምን እንደሆነ ነገራት።

«እንዲህ ያደረግሃት አንተ ነህ?» አለችው። «እኔ እኮ አሥራ አንድ ዓመት ስላንተ መስኮት ተከራክሬያለሁ!» ኩርማን ዳቦ እንኳ ሳትሰጠው ገብታ ተኛች።

በማግስቱ ሰሌዳውን ይዞ ሄደ። እህትየው ጠረጴዛውን ጠርጋ ጠብቃዋለች፤ ደብተሮቹን ሁሉ አንስታ። ሰሌዳውን ሲያስቀምጠው ጎንበስ አለች። አየችው። በእጇ መዳፍ ዳሰሰችው።

«የት አለች?»

«ከመቀባቴ በፊት ፍቄው ነበር» አለ። «በብርጭቆ ወረቀት።»

መዳፏ እንጨቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሠላሳ ዓመት» አለች፣ «ለባዶ እንጨት ነዋ እንደምን አደርሽ ስል የኖርኩት።»

«እኔ…»

«ጎበዝ ሠራተኛ ነበርክ» አለችው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «ምንም አላስቀረህም።»

ከዚያ ሄዳ ከኮፒ ማሽኑ ጎን መዶሻውን አውርዳ፣ ከሳጥኑ አንድ ረጅም ምስማር መርጣ፣ ሁለቱንም እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ወርህ ነው። ምታ።»

«ምኑን ልሰቅል? ምንም የለበትም እኮ!»

«የሠራኸውን ነዋ የምትሰቅለው። ሁሉም የሠራውን ነው የሰቀለው።»

መታ። በሰባ ሰው ላይ የጮኸበትን ግድግዳ በራሱ እጅ መታ፤ በወዲያ በኩል ብናኙ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሲረግፍ ታወቀው። እህትየው ባዶውን ሰሌዳ ሰቀለችና ከሥሩ ያሳተመችውን ጽሑፍ ለጠፈች፤ «የወሩ ሠዓሊ፤ ጋሽ ብሩሽ» የሚል፣ በባነር።

ያ ወር እንዴት ይለቅ! ደብተር ሊገዛ፣ ኮፒ ሊያስደርግ የገባ ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ራሱን ያካል፣ ይጠይቃል። የእህትየው መልስ አንድ ነው፤ «ሠዓሊው ከግድግዳው ጀርባ ነው። እሱን ጠይቁት።» ሰውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ኮምፔንሳቶውን ይጠይቃል። ኮምፔንሳቶው አይመልስም። ጋሽ ብሩሽ በወዲያ በኩል ብሩሹን እንደያዘ ይደርቃል።

ጡረተኛው መምህር መነጽራቸውን አድርገው ግማሽ ሰዓት ከቆሙ በኋላ «ጥልቅ ነው፤ የሰውን ልጅ ባዶነት ነው የሚያሳየው» ብለው ለተሰበሰበው አስተማሩ። የክብሪት መርከብ ሠሪው ተናደደ፤ «እኔ አራት ወር ስለጥፍ ኖሬ፣ እሱ ጣውላ ሰቅሎ ሠዓሊ ተባለ!» አለ። ጸጉር አስተካካዩ መጥቶ ታፔላውን በዘንጉ አወቀውና «ሰውዬዬን የት አደረሰው? ሠላሳ ዓመት ደንበኛ የጠራልኝን!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎም፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ «እናቱንም ቢሆን ከመፋቅ አይመለስም ይሄ ሰው!» አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሙያው ሰው ራሱ ግን ያን ቀን አፉ ሲያመልጠው አላወቀም። እህትየው ጀርባዋን ሰጥታ ወረቀት ስታስተካክል ቆየች። ጋሽ ብሩሽ በወዲያ በኩል ብሩሹን አስቀመጠ፤ ያን ቀን መልሶ አላነሳውም።

ቤቱ ውስጥም ሰላም አላገኘም። ሚስቱ ሥራዋን ሄዳ ትመጣለች፣ ምግቡን ታቀርባለች፣ አትቀመጥም። «ንገራት» አለችው አንድ ቀን።

«ታውቃለች እኮ! ምን ልንገራት?»

«እሷማ ታውቃለች። አንተ ግን አላልከውም። ‹ፍቄው ነበር› ነው ያልከው፤ እንደ ጣውላ።»

በወሩ በሃያ ስድስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ የደንበኞቿን ልክ የምትመዘግብበት ደብተር ልትገዛ ገባች። ዓይኗ ክር የለመደ ነው፤ ከሃያ ስድስት ቀን ተመልካች ሁሉ እሷ ብቻ ጎንበስ ብላ የሰሌዳውን ጠርዝ አየች።

«እንደው ይቺ ከታች ያለችው ሰማያዊ ምንድን ናት?» አለች። «ልብስ ትመስላለች።»

«ሠዓሊው ከግድግዳው ጀርባ ነው…» ብላ ጀመረች እህትየው፣ እንደ ወትሮው።

«ሹራብ ነው» አለ ኮምፔንሳቶው።

ልብስ ሰፊዋ ከሰሌዳው ቀና አለች።

«የማን ሹራብ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ።

በወዲያ በኩል ጋሽ ብሩሽ ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። ግንባሩን ኮምፔንሳቶው ላይ፣ በራሱ ምስማር ጫፍ አጠገብ፣ አሳርፏል።

«የእናታችን» አለ። «ከላይ ፊቷ ነበር። እህቴ ነበረች የሣለቻት። እኔ ነኝ የፋቅኋት። ሳላውቅ አይደለም። እያየኋት ነው የፋቅኋት።»

የኮፒ ማሽኑ የጀመረውን ወረቀት አውጥቶ ጨረሰና ቆመ። ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጭና እህትየውን አየቻት። እህትየው ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ሰሌዳው አጠገብ፣ ከወዲያ ግንባሩ ካለበት ትይዩ ቆመች። ዓይኗ ሞልቷል፤ ፊቷ ግን አልላላም።

«አልሰማሁም» አለች። «ጮክ በል።»

መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብሎ ደገመው።